በካርቱም ያለፈው ወጣት፦ የጣት አሻራን የማንነት መለያ ያደረገው የፍራንሲስ ጋልተን ሕይወት

እአአ በ1846 መጀመሪያ ላይ ሦስት እንግሊዛውያን ወጣቶች የኑቢያን በረሃ በግመል አቋርጠው፣ ከበርበር ጀምሮ ደግሞ በጀልባ ተጉዘው፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ ደረሱ። ከተማዋ ካርቱም ነበረች። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ሱዳንን ከያዘ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት መሙላቱ ነበር። ካርቱምም ከጦር ሰፈርነት ወደ ከተማነት የተሸጋገረችው በእነዚያ ዓመታት ነው። ጎዳናዎቿ አቧራማ ነበሩ። ንግዷ የዝሆን ጥርስና የሰው ልጅ ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ፍራንሲስ ጋልተን ይባላል። ዕድሜው ሃያ አራት ዓመት ገደማ ነው። ሀብት ወርሷል፣ ሥራ የለውም፣ ዓላማም አልነበረውም። ካርቱም የመጣው ለጥናት ሳይሆን ለሽርሽር ነው። ከአርባ ስድስት ዓመታት በኋላ ግን ይኸው ሰው ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ሰው ጣት ከሌላው ሰው ጣት እንደሚለይ፣ ይህም ልዩነት ከልደት እስከ ሞት እንደማይለወጥ በአኃዝ አስረዳ። ዛሬ በአዲስ አበባ የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት አሥር ጣቱን መስተዋት ላይ የሚያሳርፍ፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ የሚከፍት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ጣቱን ስጥ የሚባል ሰው ሁሉ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም፣ ከዚህ ሰው ሥራ ጋር ይገናኛል።

ጋልተን የተወለደው የካቲት 16 ቀን 1822 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ የባንክ ባለቤት ነበሩ። የአባቱ ወገን ቀደም ሲል በጠመንጃ ሥራ የከበረ ቤተሰብ ነው። እናቱ ደግሞ የታዋቂው ሐኪምና ባለቅኔ የኢራስመስ ዳርዊን ልጅ ነበሩ። በዚህም የተነሳ ጋልተን የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ካቀረበው ከቻርልስ ዳርዊን ጋር በአያት ይገናኛል። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በመሆኑ እህቱ አደል ገና በሕፃንነቱ ማንበብ አስተማረችው። ቤተሰቡ ከትንሹ ልጅ ብዙ ይጠብቅ ነበር።

የተጠበቀው ግን በወቅቱ አልመጣም። ሕክምና ጀመረ፤ በርሚንግሃም በሚገኝ ሆስፒታልና በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተማረ። ከዚያም ሒሳብ ለማጥናት ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በዚያ ከመጠን በላይ በማጥናት ታመመ፤ ያሰበውንም ከፍተኛ ማዕረግ ሳያገኝ ወጣ። በ1844 አባቱ ሲሞቱ የወረሰው ገንዘብ ዕድሜ ልኩን ሳይሠራ ሊያኖረው የሚችል ነበር። ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ በተከታዩም ዓመት ወደ ግብፅ ተጓዘ።

በዓባይ ላይ ወደ ደቡብ ሲጓዝ መጀመሪያ ያሰበው እንደ ሌሎቹ የአገሩ ጎብኚዎች የጥንት ፍርስራሾችን አይቶ ለመመለስ ነበር። ኮሮስኮ በተባለ ስፍራ ግን በመሐመድ ዓሊ መንግሥት ያገለግል የነበረ አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ አገኙ። መሐንዲሱ ነጭ ዓባይን ወደ ላይ ተከትሎ የሄደ ሰው ነው። ወጣቶቹ ሁሉም የረገጠውን መንገድ ከሚደግሙ በረሃውን ቆርጠው ካርቱም እንዲሄዱ መከራቸው። ምክሩ የጋልተንን የሕይወት አቅጣጫ ለወጠ።

ካርቱም ውስጥ ያገኙት ሰው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይባላል። እሱም የትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የነበረ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1843 በምፅዋ በኩል ገብቶ በትግራይ ዓመታትን አሳልፏል። በባዶ እግሩ መሄድ፣ ጸጉሩን ቅቤ መቀባት፣ እንደ አገሬው መልበስና መብላት ለምዶ ነበር። በ1853 ያሳተመው የአቢሲኒያ ኑሮውን የሚተርክ መጽሐፍም ከዚያ ዘመን የጉዞ ጽሑፎች መካከል ዛሬም ድረስ የሚነበብ ነው። ሁለቱ የአንድ ኮሌጅ ሰዎች በካርቱም ተገናኝተው በነጭ ዓባይ ላይ ጥቂት ቀናት ወደ ደቡብ ተጓዙ፤ ጉማሬ አዩ፤ ተመለሱ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስተምራል። ፓርኪንስ ሰውን ለማወቅ አብሮ መኖርን መረጠ። ጋልተን ደግሞ በኋላ እንደታየው ሰውን ለማወቅ መለካትን መረጠ።

ይህ ጠባዩ በግልጽ የወጣው በቀጣዩ የአፍሪካ ጉዞው ነው። ከ1850 እስከ 1852 ዛሬ ናሚቢያ በሚባለው አገር ተዘዋወረ፤ ለዚህም ጉዞ የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ በ1853 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። በዚያው ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የሚከተለውን ራሱ ተርኳል። የአንዲት የአገሬው ሴት የሰውነት ቅርጽ አስደነቀው። ቋንቋዋን አያውቅም፣ ልለካሽ ብሎ መጠየቅም አሳፈረው። ስለዚህ የመሬትና የኮከብ አቅጣጫ የሚለካበትን መሣሪያ አውጥቶ፣ ከሩቅ ቆሞ፣ እሷ ወዲያና ወዲህ ስትዞር የሰውነቷን ማዕዘን ለካ። ርቀቱን በሜትር ገመድ ወስዶም ቀሪውን በሒሳብ አወጣው። ጋልተን ይህን የጻፈው እንደ ቀልድ ነው። ለዛሬ አንባቢ ግን ቀልዱ ይጎመዝዛል። ሴትዮዋ መለካቷን አላወቀችም፤ ፈቃዷን የጠየቃትም የለም፤ ቁጥሯ ግን የሌላ ሰው ደብተር ላይ ሰፈረ።

ከጉዞው በኋላ ሉዊዛ በትለርን አግብቶ ለንደን ተቀመጠ። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ ጋልተን ያልለካው ነገር ጥቂት ነው። የአየር ሁኔታን ለካ፤ በጋዜጣ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የአየር ሁኔታ ካርታዎች አንዱ በ1875 በታይምስ የታተመው የእሱ ሥራ ነው። አሰልቺ ንግግር ሲሰማ ተመልካቹ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚቁነጠነጥ ቆጠረ። ጸሎት ዕድሜ ያራዝም እንደሆነ ለማወቅ የነገሥታትን ዕድሜ ከሌሎች ሰዎች ዕድሜ ጋር አነጻጸረ። ዛሬ ስታቲስቲክስ የሚማር ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው የተዛምዶና ወደ አማካይ የመመለስ ሐሳቦችም ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው።

በ1884 በለንደን በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የጤና ኤግዚቢሽን የሰውነት መለኪያ ቤት ከፈተ። ጎብኚው ሦስት ፔንስ ከፍሎ ይገባል። ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የትንፋሹ ኃይል፣ የዓይኑና የጆሮው ጥራት ተለክቶ ውጤቱ በወረቀት ይሰጠዋል፤ ግልባጩ ጋልተን ዘንድ ይቀራል። ከ9,000 በላይ ሰዎች ተለኩ። ሕዝብ ተሰልፎና ገንዘብ ከፍሎ የገዛ አካሉን መረጃ ለሌላ ሰው የሰጠበት ይህ ቤት ለዘመናችን ሰው እጅግ የሚታወቅ ነገር ይመስላል።

የጣት አሻራን ነገር ያነሳው ግን ጋልተን የመጀመሪያው አልነበረም። ታሪኩ ፍትሐዊ የማይሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በ1858 በቤንጋል ያገለግል የነበረ ዊልያም ኸርሽል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም፣ ከአንድ የአገሬው ሰው ጋር የመንገድ መሥሪያ ጠጠር ውል ሲዋዋል ሰውየው መዳፉን በቀለም ነክሮ ውሉ ላይ እንዲያትም አደረገ። ዓላማው ሰውየው ኋላ ፊርማው የእኔ አይደለም እንዳይል ማስፈራራት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የአሻራው መስመሮች እንደማይለወጡ አስተዋለ፤ የጡረተኞችን ክፍያና የመሬት ውልንም በጣት አሻራ ማረጋገጥ ጀመረ። መጻፍ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ሲፈርም ያየ የኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

በዚያው ዘመን በቶኪዮ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሄንሪ ፎልድስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በጥንታዊ ሸክላ ላይ የሠሪዎቹ የጣት ምልክት ታትሞ ቀርቶ አየ። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖም የጣቶቹን ጫፍ መስመሮች በምላጭ ፍቆ አጠፋ። ቆዳው ሲያገግም የቀድሞው ቅርጽ ሳይዛነፍ ተመልሶ መጣ። በ1880 ወንጀለኛን በጣት አሻራ መለየት እንደሚቻል ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ጻፈ። ለቻርልስ ዳርዊንም ደብዳቤ ላከ። ያረጀውና የታመመው ዳርዊን ደብዳቤውን ለዘመዱ ለጋልተን አስተላለፈ። ጋልተን ለአንትሮፖሎጂ ማኅበሩ ሰጠው፤ በዚያም ተረስቶ ቀረ። ከስምንት ዓመት በኋላ ጋልተን ራሱ ጉዳዩን ሲያነሳ ያመሰገነው ኸርሽልን ነው። ፎልድስ በ1930 እስኪሞት ድረስ ቅሬታውን ይዞ ኖረ፤ ቅሬታውም ከንቱ አልነበረም።

የጋልተን ድርሻ ግምቱን ማስረጃ ማድረጉ ነው። ኸርሽል ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት አሻራቸውን የወሰደባቸውን ሰዎች እንደገና አስፈልጎ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያየ። መስመሮች የሚጀምሩበትን፣ የሚቋረጡበትን፣ የሚከፈሉበትን ነጥብ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከተነጻጸሩት ሰባት መቶ ያህል ነጥቦች የተለወጠ ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ቅርጾቹንም በሦስት ወገን ከፈላቸው፤ ቅስት፣ ጥምዝና ሽክርክሪት። ሁለት ጣቶች አንድ ዓይነት አሻራ የመያዛቸው ዕድል ከ64 ቢሊዮን አንድ እንደሆነ አሰላ። በ1892 የታተመው መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይ የራሱን የጣቶች አሻራ አስቀመጠ። የዛሬው ስልክም ሆነ የኢሚግሬሽን መሣሪያ ጣትን ሲያነብ የሚፈልገው እነዚያኑ የመስመር መጨረሻዎችና መከፈያዎች ነው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድም እስካሁን በጋልተን ስም ይጠራሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ክብደት ያለው ግን ጋልተን በጣት ላይ ፈልጎ ያጣው ነገር ነው። ሰዎች በተፈጥሮ ማዕረግ እንዳላቸው፣ አንዱ ዘር ከሌላው እንደሚበልጥ አጥብቆ ያምን ነበር። በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ዘሮችን በደረጃ አስቀምጦ ጥቁሮችን ከነጮች በታች አድርጓል። በ1883 ደግሞ የተሻሉ የሚላቸው ሰዎች ብዙ እንዲወልዱ፣ ሌሎቹ እንዲቀንሱ የሚሻውን ትምህርት ዩጀኒክስ ብሎ ሰየመው። አሻራም የሰውን ዘር፣ ጠባይና አእምሮ ያሳያል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የእንግሊዞችን፣ የዌልሾችን፣ የአይሁዶችን፣ የባስኮችንና የጥቁሮችን አሻራ ሰበሰበ። የሳይንስ ተማሪዎችን ከቀን ሠራተኞችና ከአእምሮ ሕሙማን ጋር አስተያየ። ምንም አላገኘም። የሊቁ ጣት ከመሃይሙ ጣት፣ የነጩም ከጥቁሩ የሚለይበት የማዕረግ ምልክት አልነበረውም። ለሐቀኝነቱ መመስገን ይገባዋል፤ ውጤቱን ሳይሸሽግ አሳተመው። እምነቱን ግን አልለወጠም።

መጽሐፉ በወጣ በዚያው ዓመት በአርጀንቲና ሁዋን ቩሴቲች የተባለ የፖሊስ ባልደረባ ጋልተንን ተከትሎ ባደራጀው መዝገብ ምክንያት አንድ የነፍስ ግድያ በደም በታተመ የጣት አሻራ ተገለጠ። በሕንድ ደግሞ የቤንጋል ፖሊስ አዛዥ ኤድዋርድ ሄንሪ ከጋልተን ተማክሮ ሥራውን ቀጠለ። ብዙ ሺህ አሻራ ከተከማቸ መዝገብ አንዱን እንዴት በፍጥነት ማግኘት ይቻላል የሚለውን ጥያቄ የፈቱት በተለይ ሁለቱ የሕንድ ተወላጅ ረዳቶቹ፣ አዚዙል ሃቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ ናቸው። አሥሩን ጣቶች በ1,024 ክፍሎች የሚመድበው ዘዴ ግን በአለቃቸው ስም ተጠራ። በ1897 ካልካታ፣ በ1901 ለንደን የአሻራ ቢሮ ተከፈተ።

ዘዴው ከወንጀለኛ ወደ ሰላማዊው ሰው ለመሻገር ጊዜ አልወሰደበትም። በ1906 የትራንስቫል መንግሥት በደቡብ አፍሪካ ባለው ግዛቱ የሚኖሩ እስያውያን ሁሉ አሻራቸውን ሰጥተው እንዲመዘገቡና ወረቀቱን ይዘው እንዲዞሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሞሃንዳስ ጋንዲ ኋላ ዓለም ያወቀለትን ያለ ዓመፅ እምቢ የማለት ትግል የጀመረው በዚህ ሕግ ላይ ነው። ክርክሩ ስለ ቀለሙ አልነበረም። ሕግ ያልጣሰ ሰው በዘሩ ምክንያት እንደ ወንጀለኛ ለምን ይታያል የሚል ነበር።

ጋልተን ይህን ሁሉ ለማየት ደርሷል። በ1909 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ጥር 17 ቀን 1911 ሃስልሚር በተባለች የእንግሊዝ ከተማ በ88 ዓመቱ ሞተ። ከሀብቱ ከፊሉን ለዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተወው የዩጀኒክስ ወንበር እንዲቋቋምበት ነው። ያ ትምህርት ከሞቱ በኋላ በአሜሪካ ሰዎችን በግዳጅ ለማምከን፣ በናዚ ጀርመን ደግሞ ለባሰው ግፍ ምክንያት ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በ2020 ስሙን ከመማሪያ አዳራሹ ላይ አነሳ። ስሙ ከግድግዳ ቢነሳም ሥራው ከጣታችን ጫፍ አልተነሳም።

በወጣትነቱ ያለፈባት ካርቱምም ከዚህ ሥራ ጋር ደጋግማ ተገናኝታለች። ሱዳን ከ2011 ጀምሮ ዜጎቿን በአሻራና በፎቶግራፍ እየመዘገበች ብሔራዊ ቁጥር መስጠት ጀመረች። ያው ዓመት ደቡብ ሱዳን የተገነጠለችበት ነው። የዜግነት ሕጉ ተሻሽሎ የደቡብ ሱዳን ዜግነት ያገኘ ሁሉ የሱዳንን እንዲያጣ ሲደነግግ፣ በካርቱም ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች በገዛ ከተማቸው ባይተዋር ሆኑ። መሣሪያው ጣቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። ባለ ጣቱ የየት አገር ሰው ነው የሚለውን የሚወስነው ግን መሣሪያው አልነበረም።

ከተማዋ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ወጣቶች የሊቢያና የአውሮፓ ጉዞ መናኸሪያም ነበረች። በ2014 የአውሮፓ ኅብረትና የአፍሪካ ቀንድ መንግሥታት ስለ ስደት የጀመሩት የትብብር መድረክ ስሙን የወሰደው ከእሷ ነው። ከካርቱም ተነስቶ በረሃውንና ባሕሩን የተሻገረ ስደተኛ ጣልያን ሲደርስ የሚጠብቀው ዩሮዳክ የተባለው፣ በ2003 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የአሻራ መዝገብ ነው። አሻራው በአንድ አገር ከተመዘገበ ሌላ አገር ደርሶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል። በዚህም የተነሳ በፈረንሳይ የካሌ ወደብ አካባቢ የጣታቸውን ጫፍ በጋለ ብረት የሚያቃጥሉ ስደተኞች ታይተዋል። ፎልድስ ቶኪዮ ውስጥ በምላጭ የሞከረው ነገር ለእነሱ መራራ እውነት ነበር፤ ቁስሉ ሲሽር መስመሩ ይመለሳል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ኤምባሲዎች በጥድፊያ ወጡ። ለቪዛ ፓስፖርታቸውን አስገብተው የነበሩ ሱዳናውያን ሰነዳቸው ተቆልፎበት ቀረ። አንዳንድ ምዕራባውያን ኤምባሲዎችም በእጃቸው የነበሩትን ፓስፖርቶች ለሌላ እንዳይደርሱ ቆራርጠው አጠፏቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ብዙዎች፣ በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። በኢትዮጵያ ለተጠለሉት ስደተኞች በሚደረገው ምዝገባ የሚሰጠው ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ የዓይን ምስልና የአሥር ጣት አሻራ ነው። ፓስፖርቱ ካርቱም የቀረበት ሰውም ጣቱን ይዞ ይሰለፋል።